አባ ጉርምርም በሚካኤል አይነሱም

ቀየት ከተማ ውስጥ ከእኛ የወፍጮ ሞተር የበለጠ በዓል አክባሪ አልነበረም። ቄሶቹም አይደርሱበትም። ቄስ እንኳ አንዳንዴ በበዓል ቀን ጓሮው ገብቶ ጎመን ሲቀነጥስ ይታያል። የእኛ ሞተር ግን በሚካኤል ዕለት ናፍጣ ቢያጠጡት፣ ቢያሽከረክሩት፣ ቢለምኑት፣ ቢሰድቡት ወይ ፍንክች! ይህን ሳምን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ ሰው የሚያምነው በጉልበት ነው፤ የሚስቅብኝ ልጅ ከተገኘ ድንጋይ አንስቼ አባርረው ነበር።

ስማቸው አባ ጉርምርም ነው። አዎ፣ "ስማቸው" ነው ያልኩት። በዕድሜ ከአባቴ እንደሚበልጡ ስለሰማሁ ሞተሩን በአንቱታ ነበር የምጠራው፤ እስከ ዛሬም አፌ አልተወውም። ስሙን ያወጡላቸው እህል ሊያስፈጩ የሚመጡት ሴቶች ናቸው። አረንጓዴ ቀለማቸው ተላልጦ፣ ከጎናቸው የእኔን ቁመት የሚያህል ከባድ የብረት መዘውር ተሸክመው፣ ከወፍጮው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጠዋል። ሲነሱ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ቀጥለው ይስላሉ፣ ከዚያ ጭሳቸውን በጣሪያው ቀዳዳ አውጥተው ቱክ ቱክ ቱክ እያሉ አገሩን ይሞሉታል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ "እማዬ፣ አባ ጉርምርም ተነሱ?" እላለሁ። እናቴ አረጋሽም "እሳቸውማ ተነስተዋል፣ አንቺ ነሽ እንጂ የተጋደምሽው" ትለኛለች። እንግዲህ ልጅ ብቻዋን አትሳሳትም፤ አሳሳቿ አጠገቧ ናት።

ወፍጮው የእኛ አልነበረም። ባለቤቱ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ የቀየት ተወላጅ ይሁኑ እንጂ ኑሯቸው ደብረ ብርሃን ነው። ሞተሩን የሚያስነሳውም፣ እህሉን የሚፈጨውም አባቴ ወሰኔ ነበር። ከወፍጮው ጋር የተያያዘችው የምንኖርባት ቤትም የጋሽ ገብረ ክርስቶስ ናት፤ አባቴ ሥራውን ያጣ ቀን ቤቱንም እናጣለን። እኔ ይህን አላውቅም። ቤቱ የአባ ጉርምርም ይመስለኝ ነበር፤ እኛ ደግሞ የእሳቸው አስታማሚዎች።

ነገሩ የመጣው በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ወደ ራቤል የሚወስደውን መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ከከተማው ወጣ ብለው ካምፕ ተከሉ። ጋሽ ገብረ ክርስቶስም የካምፑን ወጥ ቤት እህል ሊያስፈጩ ተዋዋሉ። የካምፑ መኪና ደስ ባለው ቀን ጆንያውን ጭኖ ይመጣል፤ በዓል የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ "ሞተሩ በየቀኑ ይሥራ" የሚል ትእዛዝ ከደብረ ብርሃን ደረሰን። በዚያው ሰሞን ደግሞ በረዶ ወርዶ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሰዎች ገብስ እንዳልነበረ አደረገው። በእኛ አገር በረዶ እንዲሁ አይወርድም። በዓል የሻረ ሰው አለ ማለት ነው።

የደብሩ ቄስ አባ ቴዎፍሎስ ከቅዳሴ በኋላ ከጽዱ ሥር ቆመው ሲቆጡ እኔ የእናቴን እጅ ይዤ ከፊት ነበርኩ።

"ሙቀጫውንስ ጓዳ ደብቆ ይወቅጥ ይሆናል!" አሉ። "ይሄ ግን አይደበቅም! ጓሳ ሜዳው ድረስ ነው የሚሰማው! በበዓል ቀን ድምፁ የተሰማ እንደሆነ ያንን ሰውዬ ከሰንበቴ እናስወጣዋለን። ቢታመም አንጠይቀውም። ቢሞት አንቀብረውም!"

ሰውዬው አባ ጉርምርም መሰሉኝ። "እስቲ እሳቸውን ማን ተሸክሞ መቃብር ያደርሳቸዋል?" ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። እናቴ እጄን ጨመቀችኝ። ሰውዬው አባቴ ነበር። ቢፈጭ ከአገር ሰው ይወጣል፤ ባይፈጭ ከቤቱ ይወጣል።

የመጀመሪያው ሚካኤል ዋዜማ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከብቱ ሲገባ አባቴ የሞተሩን ክፍል ሊዘጋ ሄደ። በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ከናፍጣ ማጠራቀሚያው ሥር አጎንብሶ፣ እጁን ሰዶ፣ አንገቱን ወደ ሞተሩ ደፍቶ ትንሽ ቆየ። "ነገ ሚካኤል ነው" ብሎ በጆሯቸው እየነገራቸው ነው አልኩ። ምን ያድርጉ፣ ከዚያች ክፍል አይወጡ፣ ቀኑን በምን ያውቁታል! አባቴ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ሲሻገር ደግሞ እናቴ በነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ይዛ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ እሷም ገባች። የበዓሉን ጠላ ልታቀምሳቸው ነው አልኩ። ስትወጣ ከንፈሯን ነክሳ እጇን በሣር ትጠርግ ነበር።

በነጋታው የካምፑ መኪና መጣ። አባቴ ሹፌሩ ፊት የማስነሻውን ብረት፣ ማኒቬላውን፣ ሰክቶ አዞረ፣ አዞረ፣ አዞረ። አባ ጉርምርም "ኡህ" እንኳ አላሉም።

"ብርዱ ነው" አለ አባቴ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

"በብርድ ነው እንዲህ የሚያልብህ?" አለው ሹፌሩ።

አባቴ እንደገና አዞረ። ሹፌሩም ጆንያውን እንደጫነ ተመለሰ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡት ሴቶች በበራችን ሲያልፉ ጸጥታውን ሰምተው ፈገግ አሉ። አንዲት አሮጊት ግድግዳውን ተሳልመው "አንተ ብረት፣ ከሰው ተሻልክ እኮ!" ሲሉ እኔ በኩራት አበጥሁ። አባቴ ግን ፊቱን አዙሮ ነበር። ዛሬም ስለዚያ ቀን ብጠይቀው "ብርዱ ነበር" ነው የሚለኝ፤ ሽበቱን ይዞ ዓይኔን እያየ!

ችግሩ ማግሥቱ ነው። የሚካኤል ማግሥት የሥራ ቀን ነው፤ ሴቶቹ ገብሳቸውን ተሸክመው ተሰልፈዋል። አባ ጉርምርም ግን ዛሬም አልነሳም አሉ። አባቴ አሁን የምሩን ነው የሚያዞረው። ማጠራቀሚያውን ያያል፣ ሙሉ ነው። ቱቦውን ይዳብሳል፣ አይንጠባጠብም። የፈላ ውሃ አመጣና አናታቸው ላይ አፈሰሰ። የጓሳ ሣር እንደ ችቦ አስሮ ለኩሶ ሙቀቱን በአየር መሳቢያቸው በኩል አስማጋቸው። ምንም የለም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጣቷን ትነክሳለች። "ዛሬስ መነሳት ነበረባቸው" አለች ለራሷ። እኔ ይህን ሰምቼ ምንም አልመሰለኝም፤ የሰማሁትን ያኔ ብረዳው ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባለቀ ነበር።

በእኔ ቤት ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚካኤል ማግሥት የሰፈራችን ወንዶች ሁሉ ራሳቸውን በሻሽ ሸብ አድርገው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሰው ሲጠራቸው እየተነጫነጩ ነው የሚውሉት። አባ ጉርምርምንም የያዛቸው የእማዬ ጠላ ነው። "አባዬ፣ ተዋቸው፣ ይተኙ። ትንሽ ስካር ነው" ብዬ ብነግረው መዳፉን አነሳብኝ፤ እናቴ በቀሚሴ ጎትታ አተረፈችኝ። ከቀትር በኋላ፣ የአባቴ ትከሻ ሊገነጠል ሲደርስ፣ አባ ጉርምርም አጉረምርመው፣ ስለው ተነሱ።

በገብርኤልም እንዲሁ ሆነ። በማርያም፣ በመድኃኔዓለም፣ በበዓለ ወልድም እንዲሁ። በዓሉን ያከብራሉ፣ ማግሥቱን ያማቸዋል። አባቴ ብርዱን ፈርቶ ማታ ማታ የራሱን ጥቁር በርኖስ ያለብሳቸው ጀመር፤ እሱ በስስ ጋቢ ተጠቅልሎ ያድራል። ሴቶቹም በማግሥቱ እየተሰለፉ መመለሱ ሰልችቷቸው ማጉረምረም ጀመሩ። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ የበዓሉን ቀን ታግሰው ነበር፤ የማግሥቱን ግን አልቻሉም። በጥቅምት ሚካኤል ማግሥት፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይለቅ፣ በመኪና ከተፍ አሉ።

"ወሰኔ" አሉት ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ። "ሜካኒክ ይዤ መጥቻለሁ። ሞተሩ ታሞ ከሆነ ይታከማል። ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ግን የታመመው ሌላ ነው ማለት ነው። ቁልፉን ታስረክበኛለህ፤ ቤቱንም እስከ እሑድ ትለቅልኛለህ።"

"እሺ ጋሼ" አለ አባቴ።

እኔ ሐኪም መጣላቸው ብዬ ዘለልኩ። እናቴ ግን እንደ ጨርቅ ነጣች።

ሜካኒኩ ሙሐመድያሲን ይባላል፤ የሸዋ ሮቢት ሰው ነው። ሁለት ጋቢ ደርቦ ጥርሱ ይንገጫገጫል። "እናንተ ሰዎች፣ እዚህ ያሰፈሯችሁ ምን አጥፍታችሁ ነው?" እያለ ገባ። በርኖሱን ከአባ ጉርምርም ላይ ገፈፈና "ለሱ አልብሳችሁ ለእንግዳ የምትነፍጉ!" ብሎ ራሱ ለበሰው። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ከደጅ ከዘመዶቻቸው ጋር ሰላምታ ይዘዋል። ክፍሏ ውስጥ አባቴ፣ እናቴና እኔ ብቻ ከሜካኒኩ ጋር ቀረን።

ዛሬ እኔ ራሴ በአንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ የናፍጣ ሞተር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን "ሞተር አልነሳም ሲላችሁ አትደብድቡት፣ ጠይቁት" እላቸዋለሁ። ናፍጣ ይደርሰዋል ወይ? መንገዱ ላይ አየር ገብቷል ወይ? ብርዱን የምትጠይቁት መጨረሻ ነው፤ ብርድ የሰነፍ ሰው ምክንያት ነው። ሙሐመድያሲንም በዚሁ ተራ ነው የሄደው። ማጠራቀሚያውን በጣቱ ኳኳ፣ ሙሉ ነው። ከሥሩ ያለችውን የናፍጣ መዝጊያ ነካ፣ ክፍት ናት። እጁን ሊያነሳ ብሎ መለሰና መዝጊያዋን በአውራ ጣቱ አሻት። ያ ሁሉ ብረት ዝጎ እጀታዋ ብቻ ታብረቀርቃለች።

"ይህችን ቶሎ ቶሎ ይዘጓታል እንዴ ጋሽ ወሰኔ?"

"እ... አልፎ አልፎ" አለ አባቴ።

ሙሐመድያሲን የብሎን መፍቻ አወጣና ናፍጣ ማጣሪያው ላይ ያለውን ማጥበቂያ ብረት፣ ዳዶውን፣ አላላው። ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ ፍስስስ ብሎ ወጣ።

"ጠላው!" ብዬ ጮህኩ። "ጠላው ወጣላቸው!"

"አየር ነው" አለ ሙሐመድያሲን፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። "ናፍጣ ሳያልቅበት አየር ከየት ገባው?" ዳዶውን ጠጋ ብሎ አየው። ዙሪያው በጥርስ የተጋጠ ይመስላል፤ ልኩ በሆነ መፍቻ ሳይሆን በፒንሳ ሲጠመዘዝ የከረመ ነው። ቀና ብሎ በተራ አየን። አባቴን አየ፣ እኔን አየ፣ እናቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ነጠላዋ ጥለት ላይ የናፍጣ ጠብታ ነበር። እናቴ ጥለቱን ሰብስባ ጨበጠችው።

"ለመሆኑ መቼ መቼ ነው አልነሳም የሚለው?"

ከሁለቱም ቀደምኩ። ለእኔ ደግሞ ዝምታ አልተፈጠረልኝም።

"በበዓል ነዋ! በሚካኤል፣ በገብርኤል! እሳቸው እኮ በዓል አይሽሩም! ዋዜማውን አባዬ ገብቶ በጆሯቸው ይነግራቸዋል፣ ቀጥሎ እማዬ ገብታ ጠላ ታጠጣቸዋለች። ስለዚህ በማግሥቱ ራሳቸውን ያማቸዋል!"

አባቴ ይገለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላየኝም። የሚያየው እናቴን ነው።

"አንቺ ደግሞ እዚህ ገብተሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"አንተስ ምን ትነግራቸዋለህ?"

"መዝጊያዋን ነዋ የምዘጋት!" አለ አባቴ በሹክሹክታ። "በማግሥቱ እከፍታለሁ።"

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። "እኔ ደግሞ ዳዶውን አላላዋለሁ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አጠብቀዋለሁ። ናፍጣ ሲያልቅበት አንተ ስታላላው፣ ስታጠብቀው አይቼ ነው። አንተ ሳታውቅ ቢጠይቁህ ሳትፈራ እንድትምል ብዬ!"

"እኔም እኮ አንቺ ሳታውቂ ሴቶቹ ቢጠይቁሽ አንገትሽን ሳትደፊ እንድትመልሺ ብዬ ነው! ወይ አንቺ ሴት! ትከሻዬ ተገነጠለ እኮ! ውሃ ስታፈዪልኝ፣ ሣር ስታቀብዪኝ ከርመሽ!"

"በምን አውቄ? እኔ የጠበቀ እንደሆነ ይነሳል ብዬ!"

ሙሐመድያሲን ዳዶው ላይ እንዳቀረቀረ በርኖሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ከብርዱ አልነበረም። "አንዳችሁ ብቻ ብትሠሩት ኖሮ" አለ፣ ቃሉ በሳቅ እየተቆራረጠ፣ "ነገሩ እዚህ ባልደረሰ ነበር። ጋሽ ወሰኔ መዝጊያውን ባይዘጉት ያንቺ ዳዶ አንጠባጥቦ ያሳጣሽ ነበር። አንቺ ባታላዪው እሳቸው በከፈቱት ሰዓት በአንድ ዙር ይነሳ ነበር። ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ አየር ሞላችሁበት። ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ባልና ሚስት አይደላችሁም እንዴ? አታወሩም?"

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ትከሻዋ ይርገበገብ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ እግሯን አቅፌ "አይዞሽ፣ ይድናሉ" አልኳት። ስትስቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ሁለቱንም ነበረች። አባቴም ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ከደጅ የጋሽ ገብረ ክርስቶስ ድምፅ ተሰማና ፊቱ ወዲያው ጠቆረ።

"ወንድሜ" አለው ሙሐመድያሲንን፣ "እንግዲህ ጤነኛ ነው ልትላቸው ነው። ምን ታደርግ። ልጅ አለችኝ እንጂ..."

ሙሐመድያሲን አረፋው አልቆ ናፍጣው ጠርቶ እስኪወርድ ጠበቀ፣ ዳዶውን አጠበቀ፣ ማኒቬላውን ሰክቶ ባንድ ትንፋሽ አዞረ። አባ ጉርምርም አጉረመረሙ፣ ሳሉ፣ ተነሱ! ከደጅ እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ በሩን ሞሉት፤ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ በመካከላቸው ተጋፍተው ገቡ።

"ምን ነበረው?" አሉ እየጮሁ፤ በዚያ ድምፅ መካከል ያለጩኸት መነጋገር የለም።

ሙሐመድያሲን እጁን በጨርቅ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በመዳፉ ይዟል።

"ጤነኛ ነው!" አለ ሙሐመድያሲን።

የአባቴ እጅ ወደ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ተዘረጋ።

"ጤነኛ ነው፣ ግን ዕረፍት ይፈልጋል! በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ብርድ፣ በየቀኑ የሚነሳ ሞተር የለም! የካምፑን እህል በዋዜማው ፈጭቶ ይጠብቃቸው። ማግሥቱን በአንድ ዙር ካልተነሳ እኔን ይጠይቁኝ!"

"የምን ዕረፍት ነው? መቼ መቼ?"

"እኔ የሩቅ ሰው ነኝ፣ ቀኖቹን ልጅቷ ታውቃቸዋለች!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባ ጉርምርም እየጮሁ ስለሆነ ከእሳቸው በላይ መጮህ ነበረብኝ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ሰልፉ መጨረሻ ያለችው ሴትዮ እስክትሰማ ድረስ ተጣራሁ።

"ሚካኤል! ገብርኤል! ማርያም! መድኃኔዓለም! በዓለ ወልድ!"

አንድም ሴት አልሳቀችም። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ሙሐመድያሲንን አዩት፤ እሱ ጣሪያውን ያያል። አባቴን አዩት፤ ቁልፉ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። ወደ በሩ ዞሩ። እዚያ የቆሙት እህቶቻቸው፣ የአክስቶቻቸው ልጆች፣ ያሳደጓቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ ሁሉም መልሳቸውን ይጠብቃሉ። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሰ በራ መሆናቸውን ያን ቀን አወቅሁ። ወደ እኔ ጎንበስ ሲሉ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ጊዮርጊስንስ የት ጣልሽው?" አሉኝ።

አባቴ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ከሁሉም ቀድማ እልል አለች። እኔ ግን አፍሬ ሞትኩ፤ ያን የሚያህል ሰማዕት ረስቼ አባ ጉርምርምን ኃጢአት ውስጥ ልከታቸው ነበራ።

ከዚያ ወዲህ በጊዮርጊስም አልተነሱም።